ለአቶ ሲስተም የተላከ ማር

«አኮ፣ ሲስተም የለም ይላል።»

ከትናንት በስቲያ ይህን ያለችኝ የልጄ ልጅ ሃናን ናት። በእኛ ቤት አማርኛው ቢበዛም አያት በኦሮምኛ አኮ ነች። ምንጣፉ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የእኔን የሐጅ ምዝገባ ትሞላ ነበር። ስልኩ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ አትቆምም። ሃናን ጣቷን አንስታ ያንኑ ቦታ ደግማ ልትነካ ስትል ከመቀመጫዬ ተስፈንጥሬ እጇን ያዝኩት። «እንዳትደግሚ! ወላሂ እንዳትነኪው!» ልጅቷ ክው አለች። «አኮ ምን ሆንሽ? ሎድ እያደረገ ነው እኮ። ቺል በይ!» ቺል በይ ትለኛለች። አንድ ቁልፍ ደግሜ በመጫኔ የሰው መንገድ የቆረጥኩ ሴትዮ፣ እንዴት አድርጌ ነው ቺል የምለው?

ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት የበደለውን ሁሉ ዞሮ «አውፍ በሉኝ»፣ ይቅር በሉኝ፣ ይላል። የተጣላውን፣ ያማውን፣ በሰርግ ላይ ያኮረፈውን። እኔም ሰሞኑን ጉልበቴ እስኪዝል ስዞር ነው የከረምኩት። እዚህ ጅማ ከአወቱ መንደራ እስከ ሄርማታ ያላንኳኳሁት በር የለም። አንዷ ጎረቤቴማ «ሰዓዳ፣ አንቺ ምን በድለሽኝ?» ስትለኝ ሐሜቱን ራሴ አስታውሼ ነገርኳትና ይኸው እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች። ይሁን፣ እሷ ይለቃታል። የቀረኝ አንድ በር ነበር፤ እሱ ደግሞ ሰቃ ነው። ሰቃ ቅርብ ነው፣ በሚኒባስ ቁርስ ሳይበርድ ይደረሳል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዘመን መድረስ አቅቶኝ ኖሬአለሁ።

ያኔ ሄርማታ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ከጨርቅ ነጋዴዎቹ መደዳ፣ ባለ ሁለት በር የጉዞ ወኪል ቢሮ ነበር። ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። እኔ እዚያ ቲኬት ቆራጭ ነበርኩ። ቲኬት ቆራጭ ስል የአውቶቡስ እንዳይመስላችሁ፣ የአውሮፕላን! ትከሻው ስፖንጅ ያለው ሰማያዊ ኮት፣ ከጉልበት የወረደ ፕሊሴ ጉርድ፣ ሻሼ ላይ የምሰካት የወርቅ ቅብ መርፌ ነበረችኝ። በዚያ መንገድ ሳልፍ ነጋዴው ሁሉ ከሱቁ አንገቱን ያወጣ ነበር፤ ውሸቴን አይደለም። ሻይ በስሙኒ ነው፣ ሳምቡሳም በስሙኒ። ዛሬ ባጃጅ የሚሰለፍበት ጥግ ላይ የጋሪ ፈረሶች ቆመው ጭራቸውን ይወነጭፉ ነበር። ፊት ለፊታችን ያለው ካሴት ቤት አንድ የፍቅር ዘፈን ከጠዋት እስከ ዙህር ሰላት ያለ ማቋረጥ ያዞራል። ዜማው ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም፤ ለሐጅ በተነሳ አፍ አላንጎራጉረውም እንጂ። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ከገበያው በኩል የእርጥብ ጆንያና የቡና ገለባ ሽታ ይመጣል። ያ ሽታ ዛሬም ሲመጣብኝ መንገድ እቀይራለሁ፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ያ ሁሉ ኩራቴ በአንድ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። መጀመሪያ የነበረን ተርሚናል የሚባል ጥቁር ፊት፣ አረንጓዴ ፊደል ያለው ነገር ነው። የራሱ ጭንቅላት የለውም። እዚህ የምትጽፊውን በስልክ መስመር አዲስ አበባ ላለው ትልቁ ማሽን ይልካል፣ ማሽኑ ያለውን መልሶ ያሳያል፣ በቃ። በኋላ ሥራ አስኪያጃችን ሦስት ኮምፒዩተር አስመጣ። በግ አሳረደ እኮ! «ከእንግዲህ ሁሉም ነገር እዚሁ ያልቃል» አለን። ሊገጥመው የመጣው ቴክኒሽያን ግን ሳቁን እየዋጠ እውነቱን ነገረን። ትልቁ ማሽን ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ያንን ጭንቅላት የሌለውን ተርሚናል ብቻ ነው። ስለዚህ አዲሱ ኮምፒዩተር መስመር ላይ ሲገባ ደደቡን መስሎ መግባት አለበት። ዲግሪ ያለው ሰው ዘበኛው እንዲያስገባው ብሎ «እኔ ምን አውቃለሁ ጌታዬ» እንደሚለው ማለት ነው። ደግሞ ለጅማ የተፈቀደው ሁለት ወንበር፣ ሁለት መግቢያ፣ ብቻ ነበር፤ ጅማ አንድ ባልደረባዬ ወርቁ፣ ጅማ ሁለት እኔ። ሦስተኛው ኮምፒዩተር ቢለምን ቢያለቅስ መልሱ «ቦታ የለም» ነው። እሱን ዳንቴል አልብሰን የአበባ ማስቀመጫ አደረግነው።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ዝምታው ነበር። እንተር ተጭነሽ መስመሩ ቢቆረጥ፣ ነገርሽ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ማንም አይነግርሽም። ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል፣ ወይም ጭራሽ አልሄደም ይሆናል። ስክሪኑ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዝም ነው የሚለው። ቴክኒሽያኑ ከመሄዱ በፊት ጣቱን ቀስሮ «ሰዓዳ፣ አንዴ ተጫኚ፣ ከዚያ ጠብቂ። መልስ ከዘገየ ጠይቂ እንጂ አትድገሚ» ብሎኝ ነበር። በጥቂት ወር ውስጥ ሆዴን ያቃጥለኝ ጀመር። ሐኪሙ ጨጓራ ነው አለኝ፣ እኔ እንተር ነው አልኩት።

ሌላው መከራ ስማችን ነው። ማሽኑ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው አገሮች ነው፤ መጀመሪያ የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የራስ ስም ይላል። የጅማ ሰው ስም ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አባ ቢያ፣ አባ ፊጣ፣ አባ መጫ ነው። ተማም አባ ፎጊ የሚባል ሰው ሲመጣ እኛ በየዋህነት «አባ»ን የቤተሰብ ስም አድርገን፣ ቀጥለን «ተማም» ብለን፣ «ፎጊ»ን መጨረሻ ላይ እንወሽቃታለን። ዝርዝሩ ሲወጣ የሚያሳየው ጥቂት ፊደል ብቻ ስለሆነ ፎጊ ተቆርጣ ትቀራለች። ሙሉ ስሙን ለማየት ፋይሉን መክፈት ነው፤ መስመሩ በደከመ ቀን ደግሞ መክፈቱ ራሱ ጭንቅ ነው። በትልቁ ማሽን ዘንድ ግማሹ ጅማ የአንድ ሰውዬ ልጅ ነበር። ወርቁ፣ ከከምባታ የመጣ ጴንጤ፣ «አያችሁ፣ ጅማዎች ሁላችሁም ወንድማማች ናችሁ፤ ጌታ ይመስገን!» እያለ ይስቅብን ነበር። ስቀናል አብረነው።

ኦቦ ተማም አባ ፎጊ ከሰቃ የመጡት ዝናብ ባረገዘ ቀን ነው፣ ከረፋዱ። የቡና ገበሬ ናቸው፤ ጢማቸው ነጭ፣ ዓይናቸው ደከም ያለ፣ ካፖርታቸው የዝናብና የጭስ ሽታ ያለው ሽማግሌ ናቸው። ሃያ ዓመት ገደማ የምትሆን ልጃቸው ከዲጃ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። በሩ አጠገብ ያለችውን የጅማ በርጩማ ሰጠኋቸው። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ከወጣትነቴ ጀምሬ ተመኘሁት። አንድ ዓመት በሬ ይሞታል፣ አንድ ዓመት ሚስት ትታመማለች። ዘንድሮ አላህ ካለ ካባን አያለሁ። ዓይኔ ሳይጠፋ።» ለሐጅ በሚነሳው አውሮፕላን ለጅማ ከተተወው መቀመጫ የቀረው ጥቂት ነበር። ከእጃችን የወጣ መቀመጫ ደግሞ ወዲያው በመላው አገር ለሚጠባበቀው ሰው ይሰጣል፣ አይመለስም። ይህን ስለማውቅ ፈጥኜ ስማቸውን ጻፍኩ። እንተር ተጫንኩ።

ዝም።

ውጭ ሰማዩ አጉረመረመ። ሰማይ ካጉረመረመ መስመራችን ይሞታል። ጠበቅኩ። ሽማግሌው ፊቴን አያዩም፣ ትንፋሼን ግን ይሰማሉ፤ ከዲጃ ደግሞ ዓይኗን ከእጄ አልነቀለችም። ጠብቂ ተብያለሁ፣ አውቃለሁ! ግን መቀመጫው ቢያመልጠኝስ? ደግሜ ተጫንኩ። ወዲያው መስመሩ ተቆረጠ፣ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። ዝርዝሩን ጠየቅኩ። ሁለት አባ ተማም ወጡ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ያ ረቢ፣ ለአንድ ሰው ሁለት መቀመጫ አስያዝኩ ብዬ ደነገጥኩ፤ አዲስ አበባዎቹ ድርብ ሲያገኙ ይቀጣሉ። ፋይሉን ልክፈት? መስመሩ መልሶ ቢወድቅስ? ሳልከፍት የታችኛውን ሰረዝኩት። ሰርዤ «አልሀምዱሊላህ» ከማለቴ ስክሪኑ ድርቅ አለ።

ወርቁ ዝናቡን ከኮቱ እያራገፈ የገባው ያን ጊዜ ነው። በትከሻዬ በኩል የተሰረዘውን መስመር አይቶ በሹክሹክታ «ሁለተኛው አባ ተማም ምን ሆነ?» አለኝ። «የኔ ድርብ ነው፣ ሰረዝኩት።» «ምን ድርብ! አንዱ ተማም አባ መጫ ነው፣ የአጋሮው ወጣት ነጋዴ። ባለፈው ሳምንት እኔ ያስገባሁት።» ስክሪኑን አየሁ፣ እንደደረቀ ነው። ሁለተኛው መጫኔ አልደረሰም ነበር። ድርብ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለት ሰው ነው ያለው፣ ከሁለቱ አንዱን ቆርጫለሁ። የትኛውን እንደሆነ አላውቅም። አንዱ አጋሮ ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል፣ ሌላው እፊቴ በርጩማ ላይ።

ስልክ አንስቼ አዲስ አበባ ወደ ማሽን ክፍሉ ደወልኩ። የሚያነሳው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፤ መልኩን አላውቀውም፣ ድምፁ የደከመው ዓይነት ነው። «ጅማ ሁለት ነኝ። ፋይል ተቆልፎብኛል፣ ማየት አልቻልኩም፣ መሎ ክፈትልኝ!» አልኩት። ሲጨንቀኝ ኦሮምኛው ይቀድመኛል፤ መሎ እባክህ ማለት ነው። «ጅማ ሁለት? አንቺ እኮ አሁንም ውስጥ ነሽ። ፋይሉን ይዘሽ ተቀምጠሻል ይላል።» «የት ተቀምጬ? ስልክ ይዤ እያናገርኩህ!» «ማሽኑ መውጣትሽን አላወቀም እህቴ። መስመሩ ነው የወደቀው፣ አንቺ አልወጣሽም። አንቺ ካልለቀቅሽ ሌላ ሰው አይነካውም። አለቃዬን አስፈቅጄ ላስወጣሽ፣ ጠብቂ።» እኔው በሬን ቆልፌ እኔው ውጭ ቀረሁ ማለት ነው።

ሽማግሌው «ምንድነው ልጄ?» አሉ። ያኔ ነው ቃሉ ከአፌ የወጣው። «ሲስተም የለም አባቴ።» «የት ሄደ?» «አዲስ አበባ ነው።» «ታዲያ ምሳ ወጥቶ ይሆናላ! ይመጣል፣ እንጠብቀዋለን» ብለው ከኪሳቸው ዳቦ አወጡና ለከዲጃ ቆረሱላት። ሰው መሰላቸው። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር፤ ሲስተም ሰው አይደለም ብዬ አስረዳቸው ነበር። ያን ቀን ግን ሰው መሆኑ ደስ አለኝ። ጥፋቱን የሚሸከም አንድ ሰው ተገኘልኝ።

ከዙህር በኋላ ስልኩ ጮኸ። «ጅማ ሁለት፣ አስወጥቼሻለሁ። አባ ተማም አንድ አለ፣ መጫ ይላል ሙሉው። ሌላው ተሰርዟል፣ የሰረዘችው ጅማ ሁለት ናት ይላል።» «መልስልኝ መሎ፣ በአላህ!» «ሰው ገብቶበታል እህቴ። ወዲያው ነው የገባበት። ለጅማ የቀረ የለም።» ስልኩን ዘጋሁት። ማሽኑ ስሜን አያውቅም፣ ወንበሬን ነው የሚያውቀው። ወርቁ ብቻ ነው የሚያውቀኝ፤ እሱም ቀና ብሎ አየኝና አንገቱን ደፋ። ያኔ ባሌ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፣ ሁለት ልጅ አለኝ፣ ቤቱ የሚያድረው በዚያች ወንበር ነው። ይህን የምለው ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም፤ ፈራሁ፣ ፈሪ ነበርኩ። ወደ ሽማግሌው ዞሬ «አባቴ፣ ሲስተም አልተቀበለዎትም» አልኳቸው።

ካፖርታቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ወደ ድምፄ ፊታቸውን አዙረው «ምን አስቀየምኩት?» አሉኝ።

በሳምንቱ ተመለሱ። በቆርቆሮ ነጭ ማር ይዘው ነው የመጡት፣ አፉ በሰም የታሸገ፣ የጌራ ጫካ ማር። «ይቺን ለአቶ ሲስተም ላኪልኝ። ሰው ነው፣ ይራራል። ዘንድሮ ካልሆነ ለሚመጣው ያስበኝ» አሉ። ከዲጃ ከኋላቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ተቀበልኳቸው። ምን ልበል? ቤት ወስጄ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ልጆቼ አንድ ቀን ቁልፉን አግኝተው በጣታቸው እየዛቁ ጨረሱት፤ «እማ፣ እንዲህ የሚጣፍጥ ማር አይተን አናውቅም» አሉኝ። እኔ አልቀመስኩትም። ሽማግሌው በዚያው ዓመት፣ የቡና ለቀማ ሳያልቅ ሞቱ። የነገረኝ ከሰቃ የመጣ ቡና ነጋዴ ነው፣ ሌላ ወሬ እያወራ በመሃል ጣል አድርጎት አለፈ። የሚመጣው ዓመት ለሳቸው አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር መጣ፣ ስንት ነገር ሄደ። ተርሚናሉ ተጣለ፣ ቢሮው ተዘጋ፣ ወርቁ አገሩ ገባ። «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ግን አገር ወረሰ። ባንክ ብሄድ ሲስተም የለም፣ መብራት ልከፍል ብሄድ ሲስተም የለም፣ ቀበሌ ሲስተም የለም። ሰው እንዲህ ሲባል እያጉረመረመ ይቀመጣል፤ እኔ ግን መስኮቱ ኋላ ያለችውን ልጅ እጅ እጇን አያለሁ። ምን ነክታ ይሆን እላለሁ።

ትናንት ጠዋት ሃናንን አስከትዬ ሰቃ ሄድኩ። ሌሊቱን ዓይኔ አልተከደነም፤ ሚኒባሱ ውስጥ ሃናን «አኮ እጅሽ በረዶ ነው» እያለች ታሸኛለች። አውፍ ሳይሉኝ ብሄድ ሐጄ ምን ይሆናል? ቤታቸውን ስንጠይቅ አንድ ሰው ወደ ቡና ማሳው ዳር አሳየን። ከዲጃ ግቢዋ ውስጥ ምንጣፍ ላይ የተሰጣ ቡና በእግሯ እየከፈለች ታገላብጣለች። ሽበት ወርሷታል። አላወቀችኝም። «ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ከየት ነዎት?» ብላ እንደ አባቷ በርጩማ ሰጠችኝ። ሰዓዳ ነኝ፣ የቲኬቷ ሴት ስላት ፊቷ በራ። «ውይ! አባባ እስኪሞት ስምዎን ያነሳ ነበር። ትንፋሿ ያሳዝነኛል፣ ስለኔ ተጨንቃ ነበር ይል ነበር።»

ይህን ሰምቼ መልሼ ልነሳ ነበር። ግን ተቀመጥኩ።

«ከዲጃ፣ ለሐጅ ልሄድ ነው። አውፍ በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። «እርስዎ ምን በድለውን?» «ያን ጊዜ አባትሽን ያልተቀበለው አቶ ሲስተም…» እንደገና ጀመርኩ። «አቶ ሲስተም እኔ ነበርኩ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዝምታውን፣ ደግሜ መጫኔን፣ ሁለቱን አባ ተማም፣ ማሩን። ሃናን አፏን ይዛ ታዳምጣለች። ከዲጃ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ወደ ቡናው እያየች «አባባ በየሰላቱ ለእሱ ዱዓ ያደርግ ነበር» አለች። «አላህ የአቶ ሲስተምን ልብ ያራራው፣ ከጭንቀቱም ያሳርፈው ይል ነበር። እኛ እንስቅበት ነበር። አልጋ ከያዘ በኋላም አልተወም።» ቡናውን አንዴ በእግሯ አገላበጠችና «የእሱ ይቅርታ ደርሶሻል» አለችኝ። እርስዎ ማለቷን ተወች። «እኔ ግን ያን ቀን ከአጠገብሽ ነበርኩ። እጅሽን እያየሁ ነበር። አንዲት ቃል ብትነግሪን አጋሮ ሄደን ሰውዬውን መቀመጫውን እንዲለቅልን እንለምነው ነበር፣ ወጣት ነበር፣ የሚመጣውን ዓመት ይጠብቅ ነበር። ይህን አላሰብሽም?»

አላሰብኩም። ወላሂ እስከ ትናንት ድረስ አላሰብኩትም ነበር። ኮምፒዩተሩንና መስመሩን ብቻ ነበር ሳስብ የኖርኩት። «አላሰብኩም» አልኳት።

ጠብታ መውረድ ጀመረ። «ቡናው!» ብላ ተነሳች። ሦስታችንም ምንጣፉን በየጫፉ ይዘን ወደ ጣሪያው ሥር ጎተትን፣ የፈሰሰውን በእጃችን ሰበሰብን። ስንጨርስ ከዲጃ ስልኳን አውጥታ ለሃናን «ቁጥሯን ጻፊልኝ፣ የእኔንም ያዙ» አለቻት። ወደ እኔ ሳትዞር «አስቤ እነግርሻለሁ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ሚኒባሱ ውስጥ ሳለን የሃናን ስልክ ጢን አለ። «አኮ፣ ገባ! ምዝገባሽ ደርሷል፣ ተቀብለውሻል!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አልሀምዱሊላህ አልኩ። የመንገዱ መልስ ደረሰ፣ የከዲጃ ገና ነው። ስልኬን ከእጄ አላወርድም፤ ስሰግድ እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጌ ነው አጠገቤ የማስቀምጠው። ዛሬ ጠዋት ቁጥሯን አውጥቼ ልደውልላት ጣቴን አነሳሁና መልሼ ሰበሰብኩት። አንዴ ጠይቄአታለሁ። አሁን መጠበቅ ነው።